የክቱ ማርሚታ

ኅዳር 9

ዛሬ ጠዋት አዲሷ ትራፊክ ፖሊስ ባጃጅ ተራው መሃል ቆማ በድምፅ ማጉያ አነበበችልን። ሳጅን ሄለን ይሏታል፤ ከደሴ ወደ እኛ ወደ ወሎ ቦረና ተዛውራ ነው የመጣችው። ከፋብሪካ ሲወጣ ያልነበረ ነገር በሙሉ ከባጃጃችን ላይ ይወርዳል። እንዲጮህ የተቆረጠ የጭስ ማውጫ ማርሚታ፣ የአይሱዙ ጡሩምባ፣ ሰማያዊ መብራት፣ ጥቁር ላስቲክ፣ ከሹፌሩ ጎን የተቀጠለ መቀመጫ። ያወረደ የዓመቱን ቦሎ ይለጥፋል፤ ያላወረደ ታርጋው ይፈታል። ታርጋ የሌለው ባጃጅ እንግዲህ የቆመ ቆርቆሮ ነው።

ከትእዛዙ ይልቅ ያስጠላኝ የእኛ ነገር ነው። እሷ ስታነብ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ እሺ፣ እሺ ይላል። ጀርባዋን እንደሰጠች ደግሞ አካሄዷን እያስመሰሉ ሳቅ። በላይ ተራ አስከባሪያችን ነው፤ ለመሳቅም ለማጎንበስም ቀዳሚው እሱ ነው። ቀፈፈኝ። እኔም እሺ ካሉት አንዱ ነኝ፤ የሳቅኩት ግን ትንሽ ነው።

ኅዳር 10

እማማ ይርገዱ ገበያ መሃል አስቆሙኝ። ማርሚታህ አህያዬን አስደንብሮ ገብሴን አስደፋኝ አሉ። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ታሞብህ ነው እንዲህ የሚያስለው?» አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አህያዋ የደነበረችው በሌላ ባጃጅ ይሆናል። ሁሉም ነገር በእኔ ይላከካል።

ኅዳር 12

ሚካኤል ስለሆነ ሥራ ቀዝቃዛ ነው። ማታ ልቤ ረጋ ሲል እጽፋለሁ።

ይቺ ባጃጅ ለእኔ ምን እንደሆነች ሳጅኗ አታውቅም። ቀይ ናት። ጎኗ ላይ የተለጠፈ ነብር አለ። ማርሚታዋን የቆረጠልኝ የተራችን ልጅ፣ በያጁ ጠልሐ ነው፤ ለብዙ ጊዜ እየበየደ፣ እያነሳ፣ ጆሮውን እየደቀነ ነው ድምፁን ያወጣው። ከዳገቱ በታች ሳስነሳት ላይ ሰፈር ያሉት «አለኸኝ መጣ» ይላሉ። በዚህ ከተማ ሳይታይ በድምፁ የሚታወቅ ሰው ስንት ነው? ይታይሽ፣ ሚስቴ፣ ስትሰማኝ ነው ወጥ የምታሞቀው።

ያም ሆኖ አልፈራሁም፤ የክቱ አለን። አንድ ያልተነካ ማርሚታ፣ የፋብሪካ መብራት፣ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ላስቲክ፣ ያልተቀጠለ መቀመጫ። ጠልሐ ብየዳ ቤት ከብረት ቁርጥራጩ ጀርባ በጆንያ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ከየቤታችን አንድ አንድ ዕቃ አውጥተን ነው የሞላነው፤ የማንም አይደለም። የቦሎ ቀኑ የደረሰ ሰው ባጃጁን ያለብሳትና ይሄዳል። ቦሎውን ለጥፎ ሲመለስ አውልቆ ለተከታዩ ይሰጣል። ዓመት በመጣ ቁጥር ተራው በሙሉ በአንድ ማርሚታ ያልፋል። እኛ ዘንድ ሰው ሠርግ ሲጠራ የክት ልብስ ከጎረቤት ይዋሳል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ቃሉን ከተራው ልጆች ሌላ የሚያውቀው የለም። ይታይሽ እንኳ አታውቅም።

ኅዳር 15

ብርድ። ጉም እስከ ረፋድ አልተነሳም። ሳጅኗ መንገድ ላይ አስቆማ ሰማያዊ መብራቴን በጣቷ እያንኳኳች አየችው። «ታምራለች፣ ግን ትወርዳለች» አለችኝ። ታምራለች ያለችውን ለማንም አልነገርኩም።

ኅዳር 20

ዛሬ ማታ ሳጅን ሄለንን አሳፈርኩ። ከቢሮዋ በር ላይ እጇን ዘረጋች፤ ትራፊክ እጁን ሲዘረጋ ደግሞ አይታለፍም። የሚከለክል እጅ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቤቷ እንዳደርሳት ነው። ላይ ሰፈር ነው የተከራየችው። መንገዱ ረዘም ስለሚል ብዙ ተጫወትን። የመንግሥት ሰው አትመስልም። ቦረናን ለመልመድ ብርዱ እንዳስቸገራት፣ ሰው እንደሚሸሻት፣ ሱቅ ስትገባ ወሬ እንደሚቋረጥ ነገረችኝ። አሳዘነችኝ። ትንሽ ላስቃት ብዬ ስለ ሠርግ ልብስ መዋዋስ፣ ስለ እኛ ልጆች ብልጠት፣ አንዳንድ ነገር አነሳሁላት። ሁሉን ቃል በቃል አላስታውሰውም። ከት ብላ ነው የሳቀችው፤ መሐረብ አውጥታ ዓይኗን ጠረገች። ጥሩ ሳቅ አላት።

ስትወርድም እየሳቀች ነበር። ጠልሐ እዚያው ፊት ለፊት ብየዳ ቤቱን እየዘጋ ነበርና እጁን አነሳልኝ። እኔም አነሳሁለት።

ቤት ስገባ ይታይሽ ምን አገኘህ አለችኝ። ምንም አልኳት። «አንተ ደስ ሲልህ አፍህ አይገጥምም» አለች። ነገር ቶሎ ይገባታል ይቺ ሴትዮ።

ኅዳር 28

በላይ የአይሱዙ ጡሩምባውን አውርዶ ሌሊት መልሶ ሰቀለው። ቀን ሕግ አክባሪ፣ ማታ ጀግና። ሲያስጠላ።

ታኅሣሥ 3

ጉድ መጣ። እንደ ወትሮው አንድ በአንድ መሄድ ቀረ። የተራው ባጃጅ በሙሉ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ግቢ፣ አብሮ ይመርመር ተባለ። የክቱ አንድ ነው። እኛ ደግሞ ግቢ የምንሞላ።

ማን አሰባት? ከየት መጣላት? ሁሉም እርስ በርሱ ይጠያየቃል። እኔ ምን አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 5

ጠልሐ ቤት ተሰብስበን አደርን ማለት ይቻላል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ልመና አይቼ አላውቅም። አንዱ ልጄ ታሟል ይላል፤ ያው ልጅ ከሰዓት ኳስ ሲያባርር አይቼዋለሁ። በላይ ተራ አስከባሪ ስለሆንኩ የክቱ ለእኔ ይገባል አለ። ሁለቱ ማርሚታውን ግራና ቀኝ ይዘው ተጓተቱ። እኔም ሚስቴ እርጉዝ ናት አልኩ። አይደለችም። አፌን ታጠብኩ።

ጠልሐ ብቻ ነው ምንም ያልጠየቀው። በመጨረሻ «ዕጣ ይውጣ፣ ወላሂ እንዲህ ከምንዋረድ» አለና ስንጥር ቆርጦ በመዳፉ ያዘ። የክቱን የሚያስገኘው አጭሩ ለራሱ ለጠልሐ ወጣ። በላይን ልስጥህ ብሎት ነበር፤ በላይ አኩርፎ እምቢ አለ። አሁን ግን እንዳልተሰጠው ነው የሚያወራው።

ታኅሣሥ 6

አጭር ጽፌ ልተኛ።

የምርመራው ግቢ በር ከኋላችን ተዘጋ። ሳጅን ሄለን በመካከላችን እየሄደች በእርጋታ ጠየቀች። «ዛሬ የክቱን የለበሰችው የትኛዋ ናት?»

ቃሉን ከአፏ ስንሰማ ሁላችንም ተያየን። እኔም አየኋቸው።

የሁላችንም ታርጋ ተፈታ፤ ግቢው መሃል ተከመረ። የጠልሐን ባጃጅ ዞራ አየቻትና ይቺ ደህና ናት አለች። ቦሎ ሰጠችው። አንድ እሱ ብቻ።

ስወጣ ሰላም እንኳ አላለችኝም። ሥራዋ ሆኖባት ይሆናል።

ታኅሣሥ 8

ሥራ ፈትቶ መዋል። ቤት ስቀመጥ ይታይሽ እግሬን እያነሳች ነው የምትጠርገው። ባጃጇ ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ዶሮ ወጣችባት።

በላይ ሲያወራ ዋለ። ዕጣውን የያዘው ጠልሐ ነው። አጭሩ የወጣው ለጠልሐ ነው። ያለፈው ጠልሐ ነው። የክቱ የተቀመጠው የት ነው? ጠልሐ ቤት። እንግዲህ ማን ነገራት? እንዲህ ሲደረደር እውነት ይመስላል። እኔ አልመለስኩም። ዝም ማለት ደግሞ መስማማት አይደለም።

ጠልሐ ወሬውን ሳይሰማ አልቀረም። ሲያልፍ «ሰላም አደራችሁ?» አለን። ግማሾቹ አልመለሱም። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ያየኝ አይመስለኝም።

ታኅሣሥ 11

ለሳጅኗ ዳግመኛ አልታየኋትም። በሌላ መንገድ ነው የምሄደው። ለማንም ምንም አልሸጥኩም። ሰው መሸጥ ማለት አንድ ነገር ተቀብሎ ነው።

ታኅሣሥ 14

አውጫጭኝ ይደረግ ተባለ። እንደ ድሮው፣ ከብት ሲሰረቅ፣ ክምር ሲቃጠል እንደሚደረገው፤ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ በእርግማን እያንዳንዱ ያወቀውን እንዲያወጣ። ለማርሚታ አውጫጭኝ! ድሮ ለከብትና ለነፍስ ነበር። ሽማግሌ የተባሉት ጋሼ አወቀና ሼህ ጀማሉዲን ናቸው። ሼሁ የጠልሐ አባት ናቸው፤ ልጆችን ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ደረሳ የሚባሉትን ተማሪዎቻቸውን የሚያበሉ ሰው። ደረሳዎቹ የሚበሉት ጠልሐ በየዶ በሚያመጣው ነው። ልጃቸው እንደሚጠረጠር ያውቃሉ፤ አልቀመጥም አላሉም። የተገኘው አጥፊ ከተራው ይወጣል፤ ብየዳ ቤት ካለውም የሚያሠራው አይኖርም ተብሎ አስቀድሞ ተወሰነ። ብየዳ ቤት ካለው! አጥፊው ሳይገኝ ቅጣቱ በአንድ ሰው ልክ ተሰፋ።

ይታይሽ «እንግዲህ ያወቅከው ካለ ትናገራለህ» አለችኝ። ምን አውቃለሁ ብዬ ጮህኩባት። ሳህን ሰበርኩ። ለምን እንደጮህኩ አላውቅም። ይቅርታ አልጠየቅኳትም፤ ነገ እጠይቃታለሁ።

ታኅሣሥ 19

ሁሉን ልጻፍ። እንቅልፍ እንደሁ አይመጣም።

ከመናኸሪያው ጀርባ ሜዳው ላይ ተቀመጥን። ሼህ ጀማሉዲን ዱዓ አደረጉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም መዳፉን ዘርግቶ አሚን አለ። ከዚያ ጋሼ አወቀ ተነስተው ነገሩን ከፈቱ። «ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ያውጣ። ደብቆ የቀረ ቤቱ አይሙቅ፣ ልጁ አይደግ» አሉ። አሜን አልን። እኔም አሜን አልኩ። ልጅ ገና የለኝም።

ከዚያ አንድ በአንድ ከሜዳው ዳር ካለው ግንብ ኋላ እየሄድን ለጋሼ አወቀ ብቻ በጆሯቸው መንገር ነው። ማን ምን እንዳለ አይወጣም፤ ወፍ ነገረኝ ነው የሚባለው። ሁሉም እየሄደ ተመለሰ። የሚመለሱት መሬት መሬት እያዩ ነው።

ተራዬ ደረሰ። ጋሼ አወቀ ጆሯቸውን ሰጡኝ። ጆሯቸው ውስጥ ሽበት አለ። ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ። ቤቱ ያልሞቀ ሰው ታየኝ፣ ይታይሽ ታየችኝ፣ ተራው ላይ ማንም የማያናግረኝ ሆኜ ታየኝ። «ቦሎ ያገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። ሌላ አልጨመርኩም። ይህ ውሸት አይደለም። የትኛውም ሰው ቢጠየቅ ይህንኑ ነው የሚለው። የዋሸሁት ነገር የለም።

ጠልሐም ሄዶ ተመለሰ። ቶሎ ነው የተመለሰው።

ጋሼ አወቀ ወፏ ጠልሐን አለች አሉ። ሼህ ጀማሉዲን ለአፍታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጃቸውን አላዩትም። «ልጄም ቢሆን የጀመዓው ፍርድ ይጸናል» አሉ። ጠልሐ ተነስቶ ልብሱን አራገፈ። አልማለም፣ አልተከራከረም። «አልሃምዱሊላህ» ብቻ ብሎ ሄደ።

በላይ ጨብጨብ አደረገ። እጁን ልቆርጠው ፈለግኩ። ይህን ያህል ሰው አስጠልቶኝ አያውቅም። ውሃ በጭንቅላቴ ላይ ደፍቼ ታጠብኩ፤ ምንም አልለቀቀኝም።

ታኅሣሥ 21

ይታይሽ ዙሀራን፣ የጠልሐን እህት፣ ወንዝ ላይ አገኘቻት። ዙሀራ አልሸሸቻትም። ለጋሼ አወቀ ምን አልካቸው ብላ ወንድሟን ጠይቃው ነበር። ምንም አላየሁም አልኳቸው ነው ያላት።

ይታይሽ ይህን ስትነግረኝ ፊት ፊቴን ታይ ነበር። ምን አፈጠጥሽብኝ አልኳት። ምንም አለች።

ታኅሣሥ 29

ገና። ጠልሐ በየዓመቱ እንኳን አደረሳችሁ ሊል ይመጣል፤ እኔም ለአረፋ ቤቱ እሄዳለሁ። ዘንድሮ አይመጣም ብዬ ነበር። መጣ። በር ላይ ቆሞ ለይታይሽ እንኳን አደረሳችሁ አላትና አልቀመጥም ብሎ ተመለሰ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ድምፁን ሰምቼ አልወጣሁም። ሱሪዬን እየቀየርኩ ነበር። እንዲያውም ሱሪዬን አልቀየርኩም።

ሥጋው አልጣመኝም።

ጥር 4

ታርጋዬ ተመለሰልኝ። ማርሚታው የፋብሪካ ሆነ። ጠልሐ ዘንድ መሄድ ስለማይቻል ሌላ ሰው ገጠመልኝ፤ ገጣጠመው እንጂ ገጠመው አይባልም፤ ይንቀጫቀጫል። ነብሩን ስልጥ ከሥሩ ነጭ ቀለም ቀረ። ሰማያዊው መብራት የለም። ባጃጇ የማንም ባጃጅ ሆነች። ስነሳ ማንም አይሰማም። ይታይሽ ወጡን አላሞቀችም ነበር፤ መምጣትህን አላወቅኩም አለች።

እማማ ይርገዱ ደስ ብሏቸው እየመረቁኝ ሊያልፉ ሲሉ «ሳሉን ያዳነው ሐኪም የት አለ? ምስጋና ላድርሰው» አሉ። ብየዳ ቤቱ ተዘግቷል አልኳቸው። አፍረውልኝ ይሁን አላውቅም፤ ብቻ ምርቃታቸውን አቋረጡ።

ጥር 9

በላይ የክቱን ራሱ ቤት አስቀምጦታል። ለሚቀጥለው ዓመት ይሆናል ይላል። ያ ሁሉ ሰው እየሰማው። ምንም አልተማርንም። የምንጠላው ሕጉን አይመስለኝም።

ጥር 12

ጥምቀት አለፈ። ዘንድሮ ታቦት ሲሸኝ ከባጃጅ የወጣ ድምፅ የለም፤ ሰው እልልታውን በደንብ ሰማው። ሼህ ጀማሉዲን ደረሳዎቻቸውን ይዘው እንደ ሁልጊዜው መንገድ ዳር ቆመው ሲያዩ ነበር። ደረሳዎቹ አንሰዋል። አይተውኝ «አለኸኝ፣ ደህና ነህ ልጄ?» አሉኝ። እርስዎ ደህና ነዎት አልኳቸው። ልጄ ያሉኝ አስታወከኝ፤ እውነተኛ ትውከት ነው፤ ከአንድ ግንብ ጀርባ ሄጄ ወጣልኝ።

ጥር 13

ጠልሐ ሊሄድ ነው። አጅባር ከተማ ዘመዱ ብየዳ ቤት አለው፤ እዚያ ተቀጥሮ ይሠራል። የራሱ ቤት የነበረው ሰው። ባጃጁን ቀድሞ ስለሸጣት፣ መበየጃ ማሽኑን ወደ መናኸሪያ የሚያደርስለት ሰው ለምኖ ሁሉም እምቢ አሉት። ይታይሽ ይህን ከሰማች በኋላ እራት አላቀረበችም። «አንተ ካልወሰድክለት እኔ ተሸክሜ አደርስለታለሁ» አለች። እወስድለታለሁ አልኩ። ስንት ሰዓት አለች። በማለዳ አልኩ። አዎ፣ ሰው ሳይበዛ አለች፤ ሌላም ሊወጣት ነበር፤ ተወችው።

ጥር 14

ወሰድኩት። ማሽኑን ሁለት ሆነን ጫንን። ዙሀራ ስንቁን በፌስታል አቀበለችው፤ ሼሁ ከበር ሆነው ረጅም ዱዓ አደረጉለት። እኔንም ጨምረው ነው ያደረጉት።

በተራው በኩል አልሄድኩም። በታችኛው መንገድ ዞርኩ። ጉም አለ፣ መንገዱም ድንጋይ ነው፣ ማሽኑ ደግሞ ይንገጫገጫል። ጠልሐ ለምን በታች ዞርክ አላለኝም። ባጃጇን ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጥ ነበር። ማርሚታው ሁለተኛው ብሎን ላልቷል፣ አስጠብቀው አለኝ። እሺ አልኩ።

መናኸሪያ ደርሰን ማሽኑን በአውቶቡሱ ረዳት አስጫንን። ልናገር አሰብኩ። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ አሰብኩ። ቃሉን በአፌ ውስጥ አዘጋጅቼ ነበር። ሰዎች ይገፋፉ ነበር፣ ሹፌሩ ጡሩምባ ይነፋ ነበር፣ አልተመቸም።

ጠልሐ ትከሻ ለትከሻ ሰላም አለኝ። «አብሽር፣ አይዞህ» አለኝ። የሚሄደው እሱ ነው፣ አብሽር የሚባለው እኔ። ከዚያ ጆሮዬ አጠገብ ሆኖ፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሳጅኗን ዳግመኛ ስታሳፍራት ዝም ብለህ ንዳ» አለኝ።

ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ምን ማለትህ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። ወጥቶ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ፤ አውቶቡሱ ጉሙ ውስጥ ገባ።

ወደ ተራው ተመለስኩ። ልጆቹ ፀሐይ እስክትወጣ ተሰብስበው እሳት ይሞቃሉ። በላይ ከሩቅ አይቶኝ «ሄደ ያ አሳባቂ?» አለኝ።

«ሄደ» አልኩት።

እንግዲህ እንደ ልባችን እናወራለን ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ።